አጭር መሆን ጡንቻን ያድናል? የእድገት ሆርሞን፣ የታመሙ ውሾች እና የአንድ ሐሳብ ታሪክ

በብራዚል፣ ሳኦ ፓውሎ ውስጥ ሁለት በሽታ በአንድ ላይ የያዘው አንድ ልጅ ነበር። አንደኛው ጡንቻን ቀስ በቀስ የሚጨርሰው የዱሼን በሽታ ነው። ሁለተኛው የእድገት ሆርሞን እጥረት ነው፤ በዚህም ምክንያት ቁመቱ ከእኩዮቹ በጣም ያጠረ ነበር። ሁለት ችግር ሲደራረብበት ልጁ ቶሎ ይደክማል ብሎ መገመት ያባት ነው። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ሌሎች የዱሼን ታማሚዎች መራመድ ካቆሙበት ዕድሜ በኋላም ይህ ልጅ በእግሩ ይሄድ ነበር። የጄኔቲክስ ተመራማሪዋ ማያና ዛትዝ እና ባልደረቦቿ ጉዳዩን በ1981 አሳተሙት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያም አንድ ደፋር ጥያቄ አነሱ፦ ልጁን የጠቀመው እጥረቱ ራሱ ይሆን እንዴ?

ይህ ጥያቄ ከልጆች ወደ አይጥ፣ ከአይጥም ወደ ውሻ ሄዷል። መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም፤ ትምህርቱም ያለው እዚያው ጠመዝማዛው ላይ ነው።

እስቲ ከበሽታው እንጀምር። እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ሜሪዮን በ1850ዎቹ መጀመሪያ፣ ፈረንሳዊው ጊዮም ዱሼን ደግሞ በ1860ዎቹ በሰፊው ገልጸውታል። የሚያጠቃው በአብዛኛው ወንዶችን ነው፤ ምክንያቱም የተበላሸው ጂን ያለው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ሲሆን ወንድ ደግሞ ያለው አንድ ኤክስ ብቻ ነው። ጂኑ በ1986 ተለየ፤ በ1987 ደግሞ ከእሱ የሚሠራው ፕሮቲን ታወቀና ዲስትሮፊን ተባለ። ዲስትሮፊን የጡንቻ ሴል ሽፋን ጡንቻው ሲኮማተርና ሲለጠጥ እንዳይቀደድ የሚደግፍ ነው። እሱ ከሌለ ሴሉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይጎዳል፤ ይጠገናል፤ እንደገና ይጎዳል። በመጨረሻ ጥገናው ይደክምና የጡንቻውን ቦታ ጠባሳና ስብ ይወርሱታል።

አሁን የዛትዝ ሐሳብ ይገባናል። ልጅ ሲያድግ ክብደቱ ይጨምራል፤ አጥንቱ ይረዝማል፤ ጡንቻው ላይ የሚያርፈው ጫናም አብሮ ይጨምራል። ደካማ ግድግዳ ላይ ፎቅ እንደመጨመር ማለት ነው። ታዲያ እድገቱን ብናዘገየው፣ ጉዳቱስ አይዘገይም?

ሐሳቡን ለመሞከር የተመረጠው መድኃኒት ማዚንዶል ይባላል። የምግብ ፍላጎትን የሚቀንስ፣ ለውፍረት ይታዘዝ የነበረ ክኒን ነው፤ የእድገት ሆርሞንንም እንደሚገታ ይታመን ነበር። የሳኦ ፓውሎው ቡድን በሽታው ያለባቸው መንታ ወንድማማቾች አገኘ። አንዱ ማዚንዶል ወሰደ፤ ሌላው መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ክኒን። ማን የትኛውን እንደሚወስድ ግን ምስጢር ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ምስጢሩ ሲገለጥ፣ ማስመሰያውን የወሰደው ልጅ እንደተጠበቀው ሲደክም፣ መድኃኒቱን የወሰደው ግን ብዙም አልባሰበትም ነበር። ውጤቱ በ1986 ታተመ።

እናንተ የአንድ የታመመ ልጅ ወላጅ ብትሆኑ ይህን ስትሰሙ ምን ይሰማችኋል? በዚያ ዘመን ለዚህ በሽታ በትልቅ ሙከራ የተረጋገጠ መድኃኒት አልነበረም።

ከላቦራቶሪም ደጋፊ ማስረጃ መጣ። በካናዳ፣ ሞንትሪያል፣ ጆርጅ ካርፓቲ እና ባልደረቦቹ ዲስትሮፊን የሌላቸውን አይጦች ያጠኑ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሁለት ነገር አሳዩ። አንደኛ፣ ቀጫጭን የጡንቻ ክሮች ከወፍራሞቹ ይልቅ ከጉዳት ይተርፋሉ። ሁለተኛ፣ የእድገት ሆርሞን የሚመነጭበት የፒቱታሪ ዕጢ ሲወጣ የአይጦቹ የጡንቻ ጉዳት ይቀንሳል።

ግን አይጥ አይጥ ነው። እነዚህ አይጦች ዲስትሮፊን ባይኖራቸውም አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ሲሯሯጡ ይኖራሉ። የልጆቹን መከራ የሚመስል ነገር የታየው ውሻ ላይ ነው። በ1988 በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች፣ ከጎልደን ሪትሪቨር ዝርያ የተወሰኑ ውሾች በዚያው በዱሼን ጂን ብልሽት እንደሚታመሙ አሳወቁ። ቡችሎቹ ገና በሳምንታት ዕድሜያቸው ይደክማሉ፤ እርምጃቸው ይገተራል፤ ምላሳቸው ያብጣል፤ መዋጥ ይቸገራሉ፤ ልባቸውም ይጎዳል። በ1992 ምክንያቱ በትክክል ተለየ፦ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል ስለተለወጠች የጂኑ ሰባተኛ ቁራጭ ይዘለላል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መመሪያ ትርጉም ያጣል።

በመሐል፣ በ1990፣ መጥፎው ዜና መጣ። አሜሪካ ውስጥ ማዚንዶል በብዙ ልጆች ላይ ተፈተነ፤ ሐኪሙም ቤተሰቡም ማን ምን እንደሚወስድ አያውቁም ነበር። መድኃኒቱ የጡንቻን መድከም አላዘገየም። የመንትዮቹ ልዩነት በትልቁ ቁጥር ውስጥ ጠፋ።

ታዲያ ሐሳቡ ውሸት ነበር ማለት ነው? እንዲያ ብሎ መዝጋት ይቀላል፤ ግን ሆርሞን መለካት ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። የእድገት ሆርሞን እንደ ቧንቧ ውሃ ሳያቋርጥ አይፈስም፤ በየተወሰነ ሰዓት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ጠዋት አንድ ጊዜ ደም ቀድታችሁ ዝቅተኛ ቁጥር ብታገኙ፣ እጥረት አለ ማለት ላይሆን ይችላል። ሆርሞኑ ሥራውን በአብዛኛው የሚያሠራው ደግሞ በመልእክተኛ ነው፤ መልእክተኛው አይጂኤፍ-1 ይባላል፤ በብዛት የሚመረተው ጉበት ውስጥ ነው።

ይህን በደንብ ያስተማሩን ራሳቸው ውሾች ናቸው። በ1984 የታተመ ጥናት ትልልቅ፣ መካከለኛና ትንንሽ ፑድል ውሾችን አነጻጸረ። የእድገት ሆርሞን የማመንጨት አቅማቸው ተመሳሳይ ነበር። ከቁመታቸው ጋር አብሮ የወጣና የወረደው አይጂኤፍ-1 ነው። በ2007 ደግሞ በዚሁ በአይጂኤፍ-1 ጂን ላይ ያለ ልዩነት፣ ትንንሽ የውሻ ዝርያዎችን ትንሽ ካደረጓቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ መሆኑ ታወቀ። እንግዲህ «ሆርሞኑ ዝቅ ብሏል» ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የትኛው?» ነው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሌላም አለ። በ2002 ጡንቻቸው ውስጥ ተጨማሪ አይጂኤፍ-1 እንዲመረት የተደረጉ የታመሙ አይጦች ተሻሻሉ እንጂ አልባሰባቸውም። ስለዚህ እድገትን የሚገፋ ነገር ሁሉ ጠላት አይደለም።

ወዳጅም ላይሆን ይችላል። ዊፔት በሚባሉት የሩጫ ውሾች ዘንድ ማዮስታቲን የተባለው የጡንቻ እድገት ፍሬን በተፈጥሮ የተበላሸባቸው አሉ። አንድ የተበላሸ ቅጂ ያለው ይፈጥናል፤ ሁለት ያለው ደግሞ እንደ ክብደት አንሺ ይደነድናል። ተመራማሪዎች እነዚህን ከታመሙት ሪትሪቨሮች ዘር ጋር አዳቀሉ። ጡንቻ ከጨመረ በሽታው ይቀላል የሚል ተስፋ ነበር። በ2016 የወጣው ውጤት ግን አሳዛኝ ነው፦ አንዳንዱ ጡንቻ አበጠ፤ ሌላው ሟሸሸ፤ መገጣጠሚያዎቹም ይበልጥ ተኮራመቱ።

ወደ ሳኦ ፓውሎ እንመለስ። እዚያ በ2003 ሪንጎ የሚባል ውሻ ተወለደ። ጂኑ እንደ ወንድሞቹ የተበላሸ ነው፤ ጡንቻው ውስጥ ዲስትሮፊን የለም። ግን ይሮጣል፤ ይዘላል፤ ልጆችም ወለደ። ከልጆቹ አንዱ፣ ሱፍሌር፣ እንደ አባቱ ከበሽታው አመለጠ። ምስጢሩ በ2015 ተፈታ፤ ከፈቱት መካከል ከ34 ዓመት በፊት የአጭሩን ልጅ ታሪክ የጻፈችው ማያና ዛትዝ ነበረች። ሁለቱ ውሾች ጃግድ1 የተባለው ጂን ከሌሎቹ በላቀ መጠን እንዲሠራ የሚያደርግ ለውጥ ነበራቸው። ይህ ጂን ከጡንቻ ጥገና ጋር የተያያዘ ነው። መልሱ የመጣው እድገትን ከመግታት ሳይሆን ከጥገናው በኩል ነው።

እዚህ ላይ ሳይባል መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። ይህን ሁሉ የምናውቀው ውሾች ታመው ስለተወለዱ፣ አንዳንዶቹም ሆን ተብሎ እንዲወለዱ ስለተደረገ ነው። ምግባቸውን በእጅ እያጎረሱ ያሳደጓቸው ሰዎች ዋጋውን ያውቁታል።

የሆርሞኑ ጥያቄ ዛሬም አልሞተም። በ1989 በትልቅ ሙከራ የተረጋገጠውና እስካሁን ለብዙ ልጆች የሚታዘዘው ፕሬድኒሶን፣ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው የኮርቲዞል ሆርሞን ሰው ሠራሽ ዘመድ ነው። ልጆቹ ለተወሰነ ጊዜ ተጨማሪ እንዲራመዱ ይረዳቸዋል። በአንጻሩ አጥንት ያሳሳል፤ ክብደት ይጨምራል፤ ቁመትንም ያስቀራል። አንድ ዘመን ሐኪሞች አጭርነትን እንደ መድኃኒት ፈለጉት፤ ዛሬ ደግሞ የመድኃኒቱ ጉዳት ሆኖ ወላጆችን ያሳስባል። ልጁ ግን ያው ነው፤ ደረጃ መውጣት የሚፈልግ፣ ከጓደኞቹም እኩል መርዘም የሚፈልግ ልጅ። ሁለቱንም የሚሰጠው መድኃኒት ገና አልተገኘም።