ሐሙስ ያለቀው ቤንዚን

እስቲ ቀረብ በሉና ስሙኝ። የምተርክላችሁ የአንዲት ኮሮላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተሠራች፣ ነጭ ቀለሟ በፀሐይ ብዛት ወደ ክሬም የዞረ፣ ካርቡራተር የሌላት፣ ቤንዚኗን በኢንጀክተር የምትጠጣ ኮሮላ ናት። ባለቤቷ ጎረቤቴ ነው። ጠዋት ተማሪ ያመላልስባታል፣ ቀን ኮንትራት ይሠራባታል። የሦስት ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይ፣ የእናቱ መድኃኒት፣ ሁሉም የሚወጣው ከዚያች መኪና ነው። ይህን ያዙልኝ።

ሰኞ ጠዋት 40 ሊትር ይቀዳል፤ ቅዳሜ ማታ መርፌዋ ወደ ቀዩ ትጠጋለች። ዓመታት እንዲህ ኖሩ። ታዲያ አንድ ሳምንት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ሐሙስ ከሰዓት የቤንዚኑ መብራት በራ። መንገዱ ያው፣ ተማሪዎቹ ያው፣ መጨናነቁም ያው። በሊትር 12 ኪሎ ሜትር የምትሄደው መኪና ወደ 8 ወርዳለች ማለት ነው። ሊትሩ ከ100 ብር በላይ በሆነበት ዘመን ይህ በሳምንት ከ2,000 ብር በላይ ነው።

መጀመሪያ ማደያውን ጠረጠረ፤ ማደያ ቀየረ፣ ለውጥ የለም። ቀጥሎ ሌባ ጠረጠረ። ከዚያ መፍሰስ ጠረጠረና ሌሊቱን ከሥሯ ካርቶን አንጥፎ አደረ። ካርቶኑ ንጹሕ ሆኖ ነጋ። መኪና ማቆሚያው ላይ ያሉ ጓደኞቹን ሲያማክር ምክሩ ጎረፈ። «ካንዴላ ነው» አሉት፤ አራቱንም ቀየረ። «ፊልትሮ ነው» አሉት፤ ቀየረ። «ኦክስጅን ሴንሰር ነው» ሲሉት ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ገዝቶ አስገጠመ። አንዱማ «ኢንጀክሽኑን ነቅለህ ካርቡራተር አስገጥምላትና ተገላገል» አለው። ይህን ምክር ስሰማ ደሜ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ስስ ነው። ኢንጀክሽን የአየሩን መጠን እየለካ ቤንዚኑን ይቀንሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ግን እንጦጦ ሥር ሆኖም ቤንዚኑን በአየሩ ልክ አይቀንስም።

መኪናዋን ሸጦ ሌላ እንዳይገዛ፣ በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ የአሮጌ መኪኖችን ዋጋ ሰቅሎታል፤ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያለችውን ማዳን ብቻ ነው የቀረው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ፊቱ ጠቁሮ ሳየው ጎፋ አካባቢ ወደማውቃቸው አዛውንት መካኒክ ይዤው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ቤንዚን ትበላለች» አላቸው።

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከጥምቀት ወዲህ።»

«ከጥምቀት በፊት ማን ነካት?»

«ማንም አልነካትም።»

ዝም አሉ። ከዚያ ስልኩን ጠየቁት። አዲስ አበባ ውስጥ ከ2015 ወዲህ ቤንዚን የሚከፈለው በስልክ ስለሆነ፣ የቀዳበት ቀን ሁሉ ቴሌብሩ ላይ ተመዝግቧል። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ኋላ እየገፉ አነበቡ፤ ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ፣ ሰኞ፣ ከዚያ ድንገት ሐሙስ። «መንገድህ ያው ከሆነ ቀኑ ራሱ ኪሎ ሜትር ነው» አሉት። «ቀስ በቀስ ቀንሶ ቢሆን ጎማም፣ ቆሻሻም፣ እርጅናም እል ነበር። በአንድ ሳምንት ከሆነ ግን ወይ አንድ ነገር ተሰብሯል፣ ወይ አንድ እጅ ገብቷል።»

ዕቃ ለመፍታት አልቸኮሉም። መጀመሪያ ሰፈር አዙሮ እንዲመጣ አደረጉና አራቱንም ቸርኬዎች በመዳፋቸው ዳሰሱ። ፍሬን የያዘው ጎማ ካለ ከሌሎቹ ለይቶ ይግላል፤ አልነበረም። የጎማውን ንፋስ ለኩ፤ ደህና ነው። ከቤንዚን ግፊት መቆጣጠሪያው ላይ ቀጭኗን ቱቦ ነቅለው አሸተቱ። የመቆጣጠሪያው የውስጥ ሽፋን ተቀድዶ ቢሆን ኖሮ ቱቦዋ ቤንዚን ቤንዚን ትሸት ነበር፤ አትሸትም። ከዚያ ካንዴላዎቹን አወጡ። ሦስት ሳምንት እንኳ ያልሞላቸው ካንዴላዎች አራቱም ደረቅ ጥላሸት ለብሰዋል። ደህና የሚቃጠል ሞተር ካንዴላውን ቡናማ ያደርገዋል እንጂ አያጠቁረውም።

«አየህ» አሉት፣ «አንዱ ብቻ ጠቁሮ ቢሆን ያንን ኢንጀክተር እይዝ ነበር። አራቱም እኩል ከጠቆሩ የተሳሳተው ለሁሉም የሚያዘው ነው።»

አንዲት የወረቀት ክሊፕ አቃንተው ሞተሩ አጠገብ ካለችው መመርመሪያ ሳጥን ሁለት ቀዳዳዎች ውስጥ አስገቡ። በእነዚያ ዓመታት ቶዮታዎች ላይ ስህተቱን የምትናገረው የቼክ መብራት ናት፤ 21 ጊዜ ከቆጠረች ኦክስጅን ሴንሰር፣ 22 ከሆነ የውሃ ሙቀት ሴንሰር። እንዲህ ስል ሃያ አንድ ጊዜ ትበራለች ማለቴ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ፣ ትንሽ ፋታ፣ አንድ ጊዜ። የእሷ መብራት ግን ያለ ፋታ እኩል ብልጭ ድርግም አለች። ኮምፒውተሯ «ምንም ስህተት አላገኘሁም» አለች። የጎረቤቴ ትከሻ ወደቀ።

አዛውንቱ ግን በመስኮት አንገታቸውን አስገብተው ዳሽቦርዱን ያያሉ። «ይቺ የሙቀት መርፌ ሁልጊዜ እዚህ ታች ናት?»

«አዎ ጋሼ፣ ከተጠገነች ወዲህ ሙቀት የሚባል አታውቅም።»

ቀና ብለው አዩት። እኔም አየሁት። እሱም የተናገረው ነገር ለራሱ ተሰማው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር ለዘመድ ሰርግ ሐዋሳ ወርዶ ነበር። ሲመለስ ከሞጆ በኋላ ሽቅቡን ስትይዝ ሙቀቷ ወጣ፣ እንፋሎት ተነሣ። መንገድ ላይ ባገኘው ጋራዥ ውሃ ሞሉለት፣ ቱቦ አጠበቁለት፣ አንድ ነገርም አውጥተው ጣሉለት። «ሁለተኛ እንዳትሞቅብህ» ነበር ያሉት፤ በቅንነት። እሱም አመስግኖ መጣ። ይህ ለእሱ ጥገና እንጂ መነካት አልነበረም፤ ለዚያ ነው «ማንም» ያለው።

የተጣለው ቴርሞስታቱ ነው። ይህ በአገራችን ጋራዦች የተለመደ ነው፣ ያሳዝነኛልም። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይዞር የሚዘጋ በር ነው። በሆዱ ሰም አለ፤ ሙቀቱ 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሰሙ ቀልጦ ይፋፋና በሩን ይገፋል። በሩ ከሌለ ውሃው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ራዲያተር ውስጥ ይቀዘቅዛል፤ የአዲስ አበባ ጠዋት ደግሞ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ሴንሰሩ ለኮምፒውተሯ «ገና በርዶኛል» ይላታል። እውነቱን ነው! ኮምፒውተሯም ታምነዋለች፤ በረደኝ ላለ እንግዳ ጋቢ እንደምትደርብ እናት ቤንዚን ትጨምራለች። በደህና ጊዜ ለ1 ግራም ቤንዚን 14.7 ግራም አየር መመዘን የሚገባት መኪና፣ ቀኑን ሙሉ የማለዳ መጠኗን ትጠጣለች። የእሷ የቼክ መብራት በሙቀት ሴንሰሩ ምክንያት የምትበራው ሽቦው ሲበጠስ ወይም ሲነካካ ነው። በርዶት በረደኝ ለሚል ሴንሰር የሚበራ መብራት የላትም።

አዛውንቱ በግምት አይኖሩም። ሞተሩን አስነሥተው ግማሽ ሰዓት ካቆዩ በኋላ የሴንሰሩን ሶኬት ነቅለው በመልቲሜትር ለኩት። 800 ኦም። በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 መሆን የነበረበት ነው፤ 800 ማለት 50 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተሩን ዳሰሱት፤ ሞተሩ ሳይሞቅ እሱ ለብ ብሏል። የቴርሞስታቱን ቤት ሲፈቱት ባዶ ነው።

አዲስ ቴርሞስታት መጣ። እሱንም ሳይፈትኑ አላስገቡትም። ጋራዡ በር ላይ ቡና የምታፈላው ልጅ ጀበናዋን አውርዳ ከሰሏን አዋሰችን። ድስት ተጣደ፣ ቴርሞስታቱና ሴንሰሩ በክር ተንጠለጠሉ። የሴንሰሩ ቁጥር ከ2,000 ኦም በላይ ተነሥቶ እየወረደ፣ እየወረደ፣ 80 ዲግሪ ላይ 300 አካባቢ ደረሰ፤ ሴንሰሩ ጤነኛ ነው። ወዲያው የቴርሞስታቱ አፍ እንደ ዓይን ቀስ ብሎ ተገለጠ። ቡና ሊጠጡ የመጡት ሁሉ ከበው ያያሉ።

«ታዲያ መጀመሪያውኑ ለምን ሞቀች?» አሉ አዛውንቱ። ጥያቄው ከጥር ጀምሮ ሳይጠየቅ የቆየ ነው። የራዲያተሩን ክዳን አውጥተው ላስቲኩን አሳዩን፤ ተሰነጣጥቋል። ክዳኑ ግፊት ይዞ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ የሚጠብቅ ነው። በእኛ ከፍታ ክፍት ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፤ ግፊት የማይዝ ክዳን ይዛ ዳገቱን ስትወጣ ፈልታ ገነፈለች። የጥፋቱ ሁሉ መነሻ ያ ትንሽ ላስቲክ ነው። ቴርሞስታቱ ምንም አላጠፋም ነበር። እንዲያውም በአንዳንድ ሞተሮች እሱ ሲወጣ አቋራጩ የውሃ መንገድ ክፍት ስለሚቀር ዳገት ላይ ይብሱኑ ይሞቃሉ።

ክዳኑ ተቀየረ። ዘይቱንም ቀየሩላት፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ገብቶበት ይሸት ነበር። ያንን የሶማሌ ተራ ኦክስጅን ሴንሰር አውጥተው የራሷን መለሱላት፤ የለበሰው ጥላሸት ፈጣን መንገድ ላይ ሲነዳት ይቃጠላል አሉት።

ሰኞ ጠዋት አብሬው ወጣሁ። 40 ሊትር ቀዳ፣ ተማሪዎቹ ገቡ። ሳር ቤት ሳንደርስ የሙቀት መርፌዋ ከታች ተነሥታ መሃል አጠገብ ደረሰችና ቆመች። ምንም አልተናገረም፤ ዓይኑ ግን ከመንገዱ ወደ እሷ፣ ከእሷ ወደ መንገዱ ይመላለሳል። ቅዳሜ ማታ በሬን አንኳኳ። ስልኩን ከፍቶ ሰጠኝ። ከሰኞ ወዲህ የቤንዚን ክፍያ አልነበረም።