በወራሽና በገዢ መካከል፤ የ1945ቱ የእንግሊዝ ሙከራ

«ፕራይቬት ኢኩዊቲ» ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሱን የ1980ዎቹ የኒው ዮርክ ገንዘብ ነጋዴዎች ናቸው፤ ኩባንያን በብድር ገዝተው፣ ወጪውን ቆርጠው፣ በጥቂት ዓመታት አትርፈው የሚሸጡት። ነገሩ ግን ሌላም የዘር ሐረግ አለው፤ ይህም ከጦርነት ገና በወጣችው ለንደን ይገኛል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዘመኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

በ1929 የእንግሊዝ መንግሥት በማክሚላን የሚመራ ኮሚቴ አቋቋመ። ኢኮኖሚስቱ ኬይንስና የሠራተኛ ማኅበር መሪው ኧርነስት ቤቪን በአባልነት ተቀምጠውበታል። የ1931 ሪፖርቱም አንድ እውነት ገለጠ፤ ይኸውም ከ200,000 ፓውንድ በታች የረጅም ጊዜ ካፒታል የሚፈልግ ኩባንያ መግቢያ የለውም። ባንኮች የሚያበድሩት ለአጭር ጊዜ ነው፤ የአክሲዮን ገበያውም ለእንዲህ ያለ መጠን ወጪው አይቀመስም። ይህ «የማክሚላን ክፍተት» ተባለ። በክፍተቱ ውስጥ የወደቁት በአብዛኛው የቤተሰብ ኩባንያዎች ነበሩ።

መፍትሔው አሥራ አራት ዓመት ፈጀ። በ1945 የእንግሊዝ ባንክና ታላላቆቹ የንግድ ባንኮች በ15 ሚሊዮን ፓውንድ ካፒታል የኢንዱስትሪና ንግድ ፋይናንስ ኮርፖሬሽንን በጋራ መሠረቱ። የንግድ ባንኮቹ የገቡበት ወደው አልነበረም፤ እነሱ ክፍተቱን ባይሞሉት መንግሥት ራሱ ሊሞላው እንደሚችል ገብቷቸዋል። በዚያው ዓመት የሌበር ፓርቲ ሥልጣን ያዘ፤ በማግሥቱም ዓመት የእንግሊዝ ባንክ የመንግሥት ንብረት ሆነ።

ኮርፖሬሽኑ ከ5,000 እስከ 200,000 ፓውንድ በብድርም በአክሲዮንም ያቀርብ ነበር። የሚይዘው አናሳ ድርሻ ነው፤ ባለቤቱን ከወንበሩ አያነሳም። የዚህ ትርጉም ጎልቶ የታየው በውርስ ግብር ጉዳይ ነው። ከ1949 ጀምሮ ግብሩ በታላላቅ ውርሶች ላይ እስከ 80 በመቶ ደርሶ ስለ ነበር፣ መሥራቹ ሲሞት ወራሾች ግብሩን ለመክፈል ፋብሪካውን ለተፎካካሪ መሸጥ ግድ ይሆንባቸው ነበር። በ1953 ኮርፖሬሽኑ ለዚሁ ተብሎ አንድ እኅት ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ ከቤተሰቡ አናሳ ድርሻ ይገዛል፤ ቤተሰቡ ግብሩን ይከፍላል፤ ኩባንያውም በእጁ ይቆያል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። ድርጅቱ በ1983 «ስሪ አይ» ተብሎ፣ በ1994 አክሲዮኑ በለንደን ገበያ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ትኩረቱ ወደ ትልልቅ ግዢዎች አዘነበለ። ታጋሽ ገንዘብ ባለቤቱ ሲለወጥ ትዕግሥቱም ይለወጣል።

በእኛ አገር የመካከለኛው ባለሀብት ዕጣ ሌላ ነበር። ደርግ በጥር 1967 ዓ.ም. ከ70 የሚበልጡ የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ወረሰ። እንግሊዞች «ጥቂት ድርሻ ሸጠህ ኑር» ሲሉ፣ እኛ «ሁሉን ትተህ ውጣ» አልን። ዛሬ አዲስ አበባ የአክሲዮን ገበያ አላት፤ በጥር 2017 ዓ.ም. ተከፍቷል። ሆኖም ገበያ ብቻውን ክፍተቱን አይሞላም፤ ለንደን ገበያ ሳይጎድላት ነውና ማክሚላን ክፍተቱን ያገኘው። ለገበያው ያነሰ፣ ለመያዣ ብድር የበለጠ ኩባንያ ያለው ባለቤት ነገ ሲያልፍ፣ ልጆቹ ከመሸጥና ከመዝጋት ሌላ ምን ምርጫ ይጠብቃቸዋል? ጥያቄው ከወዲሁ ሊጠየቅ ይገባል እላለሁ።