ኖርዌጂያዊው ተመራማሪ የጠጣው ሶስ

እ.ኤ.አ. ከ1947 እስከ 1949 ባሉት ዓመታት የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ በኦስሎ ከተማ አራት ጊዜ ተነሥቶ ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎችን አሠቃየ። አራቱንም ጊዜ ዱካው የሚያደርሰው ከጣፋጭ ምግብ ጋር ወደሚቀርበው የቫኒላ ሶስ ነበር። ሶሱ በበቆሎ ስታርች ወፍሮ የተሠራው ከመቅረቡ አንድ ቀን አስቀድሞ ሲሆን፣ ማቀዝቀዣ ሳይገባ አድሯል። ናሙናው ሲመረመር በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ከ25 እስከ 110 ሚሊዮን የሚደርስ ባሲለስ ሴሬየስ የተባለ ባክቴሪያ ተገኘ።

ባክቴሪያው ለሳይንስ እንግዳ አልነበረም። እንግሊዛውያኑ ባልና ሚስት ግሬስና ፐርሲ ፍራንክላንድ በ1887 ከከብት በረት አየር ለይተው መዝግበውታል። ከአፈሩም፣ ከአቧራውም፣ ከእህሉም ስለማይጠፋ ግን ሰው ያሳምማል ብሎ የሚጠረጥረው ብዙ አልነበረም። ክፉ የሚባለው የቅርብ ዘመዱ፣ ሮበርት ኮኽ በ1876 የሕይወት ዑደቱን የገለጠው የአባሰንጋ ባክቴሪያ ነው።

ስታይናር ሀውገ የተባለው ኖርዌጂያዊ ተመራማሪ ግን ጥርጣሬውን በራሱ ሆድ ሊፈትን ቆረጠ። ባክቴሪያውን በቫኒላ ሶስ ውስጥ አራባና 200 ሚሊ ሊትር፣ አንድ ብርጭቆ ያህል፣ ጠጣ። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚገኝ አይመስለኝም። ከ13 ሰዓት በኋላ ብርቱ ቁርጠትና ተቅማጥ ያዘው፤ የለቀቀው ከ8 ሰዓት በኋላ ነው። ግኝቱን በ1950 በኖርዌጂያን ቋንቋ አሳተመ፤ በእንግሊዝኛ የወጣው ግን በ1955 ነው።

ሶሱ በእሳት ተሠርቶ ሳለ ባክቴሪያው እንዴት ተረፈ? መልሱን ፈርዲናንድ ኮን የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ በዚያው በ1876 ሰጥቶ ነበር። የሣር ድርቆሽ በተዘፈዘፈበት ውኃ ላይ ባደረገው ጥናት፣ የባሲለስ ወገኖች ስፖር የሚባል ጠንካራ ሽፋን ያለው ዘር እንደሚሠሩና ውኃ ቢፈላም ስፖሩ እንደማይሞት አሳይቷል። ኦስሎ ውስጥም ስፖሩ ከስታርቹ ጋር ገብቶ መፍላቱን ተቋቁሟል። ድስቱ ለብ እያለ ሲሄድ ነቃ፣ ሌሊቱን ተራባ።

ከዚያ ለንደን ተራዋን አገኘች። ከ1971 ጀምሮ በቻይና ምግብ ቤቶች የተጠበሰ ሩዝ የበሉ ሰዎች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ያስመልሳቸው ጀመር። አብሳዮቹ ብዙ ሩዝ በአንድ ጊዜ ቀቅለው ከፍሪጅ ውጭ ያሳድሩት ነበር። ቸልተኞች ሆነው አይደለም፤ ፍሪጅ የገባ ሩዝ እርስ በርሱ ተጣብቆ ለመጥበስ ስለሚያስቸግር ነው። በማግስቱ ከእንቁላል ጋር ፈጠን ብሎ ይጠበሳል። መጥበሱ ግን አላዳነም፤ ምክንያቱም የሚያስመልሰው ባክቴሪያው ሩዙ ውስጥ ቀድሞ የሚያመርተው ሴሬዩላይድ የተባለ መርዝ ነው። ይህ መርዝ በ121 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ90 ደቂቃ ቢቀቀል እንኳ አይጠፋም። የኦስሎው ተቅማጥ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፦ ባክቴሪያው አንጀት ከደረሰ በኋላ ይሠራል፤ ሀውገ 13 ሰዓት የጠበቀውም ለዚህ ነው።

አብዛኛው ሕመምተኛ በአንድ ቀን ውስጥ ይድናል። ያልዳነም አለ። በ2008 ቤልጅየም ውስጥ አንድ የ20 ዓመት ተማሪ ለ5 ቀን ከፍሪጅ ውጭ የቆየ ስፓጌቲ አሙቆ በላ፤ በማግስቱ ሞተ፣ ጉበቱም ተጎድቶ ተገኘ። ባክቴሪያው በቁስል በኩል ዓይን ውስጥ ከገባም በአንድ ሁለት ቀን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ስለዚህ የተረፈ ሩዝና ፓስታ ካላችሁ ሰፋ ባለ ሳህን ዘርግታችሁ ቶሎ አቀዝቅዙት፤ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥም ፍሪጅ አስገቡት። ውጭ ያደረውን አታሙቁት፣ ድፉት። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር የምትኖሩ ደግሞ ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ ቀቅሉ።