የተፈጥሮ ፎቶግራፍ ዳራ፤ ከጨለማ ክፍል እስከ ኮምፒዩተር

በተፈጥሮ ፎቶግራፍ ውስጥ የተመልካችን ዐይን በመጀመሪያ የሚስበው ወፉ፣ አበባው ወይም ማዕበሉ ነው። ይሁን እንጂ ከዋናው ነገር በስተኋላ የሚታየው ዳራ የምስሉን ስሜትም ሆነ ትርጉም የመወሰን ኃይል አለው። ዳራን እንደ ፍላጎት የመለወጥ ጥበብ ከኮምፒዩተር ጋር የተወለደ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ታሪኩ ግን ከዚያ በእጅጉ ይቀድማል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ መነሻ የኬሚስትሪ ችግር ነበር። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር በ1851 ይፋ ያደረገው የእርጥብ ኮሎዲዮን ዘዴ ሰማያዊ ብርሃንን በፍጥነት ሲቀበል፣ ለአረንጓዴና ለቀይ ግን ደካማ ነበር። ከዚህም የተነሣ ምድሩን ለማሳየት የሚበቃ ጊዜ ሲሰጥ፣ ሰማዩ ከመጠን ያለፈ ብርሃን ተቀብሎ ደመና የሌለበት ባዶ ነጭ ሆኖ ይቀር ነበር። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1856 እና በ1857 ካዘጋጃቸው የባሕር ፎቶግራፎች በአንዳንዶቹ ለዚህ መፍትሔ አበጀ፤ ይኸውም ባሕሩን በአንድ ኔጋቲቭ፣ ሰማዩን በሌላ አንሥቶ፣ ሁለቱን በአድማሱ መስመር አጋጥሞ በአንድ ወረቀት ላይ ማተም ነው። አንዱ ደመና በተለያዩ የባሕር ምስሎች ላይ ተመልሶ መታየቱ የዚህ አሠራር ማስረጃ ሆኖ ኖሯል። በ1858 ደግሞ እንግሊዛዊው ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን ከአምስት ኔጋቲቮች አንድ ምስል አዋሕዶ አቀረበ።

ጀርመናዊው ሄርማን ፎግል በ1873 ፎቶግራፍ ማንሻው ንጣፍ በማቅለሚያ ሲነከር ለሌሎች ቀለማትም ንቁ እንደሚሆን አሳየ። በ1906 ለሁሉም ቀለማት ንቁ የሆነ ንጣፍ ለገበያ ሲቀርብ የቀድሞው ችግር መሠረቱ ተናጋ። ሆኖም ችግሩ የወለደው ልማድ ከችግሩ ጋር አልጠፋም።

በ1957 አሜሪካዊው ራስል ኪርሽና ባልደረቦቹ የኪርሽን ሕፃን ልጅ ፎቶግራፍ ወደ 176 በ176፣ ማለትም ወደ 30,976 ነጥቦች ለውጠው በኮምፒዩተር አስቀመጡ። ምስል ቁጥር ከሆነ ዘንድ ዳራን መለወጥ የስሌት ጉዳይ ሆነ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ኤድ ካትሙልና አልቪ ሬይ ስሚዝ ለእያንዳንዱ ነጥብ ከቀለሙ ሌላ የሽፋን መጠኑን የሚገልጽ ከ0 እስከ 1 የሆነ ቁጥር ሰጡት፤ ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ የማዋሐጃውን ሕግ በተሟላ መልክ ደነገጉ። ለምሳሌ በላባ ጠርዝ ላይ ያለ ነጥብ ሽፋኑ 0.3 ቢሆን፣ ከላባው ቀለም 30 በመቶ፣ ከአዲሱ ዳራ 70 በመቶ ይወሰዳል። ይሁን እንጂ ያው ነጥብ ሲነሣ የቀድሞውን ዳራ ቀለም ይዞ ስለሚመጣ፣ ይህ ካልተጣራ ወፉን የከበበ ቀጭን አረንጓዴ ጥላ ሥራውን ያጋልጣል። በ1990 ለሽያጭ የቀረበው ፎቶሾፕ፣ በተለይም በ1994 ንብርብር የሚሠራበት ሦስተኛው እትም ከወጣ በኋላ፣ ይህን ሁሉ ለማንኛውም ባለሙያ በቅርብ አስገኘለት።

ኃላፊነቱም በዚያው ልክ ከበደ። ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት በፌብሩዋሪ 1982 እትሙ የጊዛን ፒራሚዶች ከሽፋኑ ቁመት ጋር ለማስማማት በኮምፒዩተር አቀራርቦ በማተሙ ብርቱ ወቀሳ ደርሶበታል። የተፈጥሮ ፎቶግራፍ ጌጥ ብቻ ሳይሆን ምስክርም ነው፤ ወፉ የት እንደሚኖር፣ አበባው በምን ዐይነት አፈር እንደሚበቅል የሚናገረው ዳራው ነው። የረግረግ ወፍ በደረቅ ቋጥኝ ፊት ቢቀመጥ ምስሉ ቢያምርም ምስክርነቱ ሐሰት ይሆናል። በአንጻሩ ሠዓሊ እንደቀባው ሸራ የደበዘዘ፣ ጥበባዊነቱን ያልሸሸገ ዳራ ስለ ቦታ የሚናገረው ነገር ስለሌለ ማንንም አያሳስትም።

የለ ግሬ ደመና በሁለት ምስሎች ላይ በመታየቱ ራሱን አጋለጠ፤ በጥንቃቄ የተሠራ የኮምፒዩተር ዳራ ግን ለዐይን የሚታይ ምልክት ላይተው ይችላል። ስለዚህ መሐንዲስ የመጀመሪያውን ንድፍና የተደረገበትን ማሻሻያ ሁሉ መዝግቦ እንደሚያስቀምጥ፣ ፎቶግራፍ አንሺውም ዋናውን ምስል ሳይነካ ሊጠብቅና ዳራው የተለወጠ መሆኑን ከምስሉ ግርጌ ሊጽፍ ይገባዋል።