የገና ጌጥ እና የሠሪው እጅ

ታኅሣሥ በገባ ቁጥር አማርኛ ተናጋሪ ባለበት ከተማ ሁሉ አንድ ክርክር ይነሳል። የገና ዛፍ የኛ ነው ወይስ የፈረንጅ? አንዱ ወገን ዛፉ፣ የጥጥ በረዶውና ቀይ ካፖርት የለበሰው ሽማግሌ ከባህላችን ጋር ምንም ዝምድና የላቸውም ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ልጆች ከትምህርት ቤት ይዘውት የመጡትን ደስታ ከበር ላይ መመለስ ምን ይጠቅማል ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱ ወገኖች ሳያስተውሉት የሚስማሙበት ነገር አለ። ዛፉም የገና ዱላውም ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበሩ፣ ማንም ያልሠራቸው ዕቃዎች ይመስሏቸዋል። ዕቃዎቹ ግን የተሠሩበት ዘመን፣ የሠራቸው ሰውና የሠራበት ምክንያት አላቸው። ይህ ታሪክ ሲታወቅ ክርክሩ ራሱ መልኩን ይለውጣል።

ከዛፉ እንጀምር። በ1605 እ.ኤ.አ. ገደማ ስለ ስትራስቡርግ ከተማ የተጻፈ ማስታወሻ ሰዎች ለገና በቤታቸው ውስጥ ጥድ እያቆሙ በወረቀት ጽጌረዳ፣ በፖምና በስስ ቂጣ ያስጌጡት እንደነበር ይነግረናል። ጌጡ ከጓዳና ከቤተሰቡ እጅ የወጣ ነበር። ልማዱ ለረጅም ጊዜ በጀርመንኛ ተናጋሪዎች አካባቢ ተወስኖ ቆየ። ወደ ሌላው ዓለም በሰፊው የተሠራጨው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን፣ ለዚህም የኅትመት ሥራ ትልቅ ድርሻ አለው። በ1848 እ.ኤ.አ. «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» የተባለው ጋዜጣ ንግሥት ቪክቶሪያ፣ ባለቤታቸው አልበርትና ልጆቻቸው ባጌጠ ዛፍ ዙሪያ ቆመው የሚታዩበትን ሥዕል አወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ «ጎዲስ ሌዲስ ቡክ» የተባለ የአሜሪካ የሴቶች መጽሔት ያንኑ ሥዕል ደግሞ አተመው። ግን ከንግሥቲቱ ራስ ላይ ዘውዱን፣ ከአልበርት ፊት ላይ ደግሞ ጢሙን አጥፍቶ ነበር። የንጉሣውያኑ ቤተሰብ በአንድ ጊዜ ተራ የአሜሪካ ቤተሰብ ሆነ። ዛሬ «የፈረንጅ ገና» ስንል በዓይናችን የሚመጣው ሳሎን፣ ዛፉ፣ በዙሪያው የተቀመጡት እናት፣ አባትና ልጆች ያሉበት ምስል በአመዛኙ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። እንግሊዞችና አሜሪካውያንም ዛፉን የተቀበሉት ከሌላ አገር ነው።

ሥዕሉ የማያሳየን ግን ጌጡን የሠሩትን ሰዎች ነው። በጀርመን ቱሪንጊያ ተራሮች ውስጥ ላውሻ የምትባል ከተማ አለች። ከ1597 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መስታወት ይነፋባታል። የሚነገረው ተረት አንድ ድሃ መስታወት ነፊ ለዛፉ ፖም መግዣ ቢያጣ ከመስታወት ነፍቶ ሠራ ይላል። ተረቱ እውነት ሆነም አልሆነ የቦታውን ኑሮ ይገልጻል። ሥራው የሚሠራው በፋብሪካ ሳይሆን በቤት ውስጥ ነበር። አባት መብራቱ ፊት ተቀምጦ መስታወቱን ያግላል፣ ይነፋል። እናት የኳሱን ውስጥ በብር ውሕድ ታነጣለች። ልጆች ቀለም ይቀባሉ፣ አንገቱን ይቆርጣሉ፣ መስቀያውን ይሰካሉ። ቤተሰብ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰብስቦ የገና ጌጥ ሲሠራ የሚታይበት ይህ ትዕይንት ለዓይን ያምራል። ለእነሱ ግን መዝናኛ አልነበረም፤ የዕለት እንጀራ ነበር። ልጆቹም ሠራተኞች ነበሩ።

በ1880 እ.ኤ.አ. ፍራንክ ዉልዎርዝ የተባለው አሜሪካዊ ነጋዴ ከጀርመን የመጡ የመስታወት ጌጦችን ፔንሲልቬንያ በነበረው ሱቁ እያመነታ ለሽያጭ አቀረበ። በሁለት ቀን ውስጥ እንዳለቁበት በኋላ ራሱ ተናግሯል። ከዚያ ወዲያ የላውሻ ቤተሰቦች ትንፋሽ በመርከብ እየተጫነ አትላንቲክን ይሻገር ጀመር። በ1930ዎቹ መጨረሻ ላይ ደግሞ የአምፖል መስታወት ለመሥራት የተፈለሰፈ የአሜሪካ ማሽን፣ አንድ ነፊ ቀኑን ሙሉ የሚሠራውን ያህል ኳስ በደቂቃዎች ውስጥ ማውጣት ቻለ። ጌጡ ረከሰ፣ በየቤቱም ገባ። የሠሪው እጅ ግን ከዕቃው ላይ ጠፋ።

በሳክሶኒ፣ «የማዕድን ተራሮች» በሚባለው አካባቢ ያለችው የዛይፈን መንደር ታሪክም ተመሳሳይ ነው። የመንደሩ ሰዎች ቆርቆሮ ቆፋሪዎች ነበሩ። ማዕድኑ እየተመናመነ ሲሄድ ወደ እንጨት ሥራ ዞሩ። እዚያ ያለ ባለሙያ እንጨቱን በመዘውር እያዞረ ክብ ቀለበት ይቀርጻል። ቀለበቱ እንደ ዳቦ ሲቆራረጥ ከእያንዳንዱ ቁራጭ የፈረስ፣ የላም ወይም የበግ ቅርጽ ይወጣል። የአካባቢው ሰው በገና ሰሞን በመስኮቱ ላይ ለወንድ ልጁ ማዕድን ቆፋሪ፣ ለሴት ልጁ መልአክ ያቆማል፤ ሁለቱም ሻማ ይዘዋል። በክረምት ወራት ገና ሳይነጋ ወደ ጉድጓድ ገብቶ ከመሸ በኋላ ለሚወጣ ሰው ብርሃን ምን ማለት እንደነበር መገመት አያዳግትም። ዛሬ የበዓል ጌጥ ተብሎ የሚሸጠው ያ ቆፋሪ የመንደሩ አባት ምስል ነው።

በፖላንዷ ክራኮቭ ደግሞ ግንበኞች አሉ። ብርድ ሲጠና ጭቃና ኖራ ስለማይያዝ ግንበኛ ሥራ ይፈታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በከተማዋ ዳርቻ የሚኖሩ ግንበኞችና የቀን ሠራተኞች በዚያ የሥራ መፍቻ ወቅት ከእንጨት፣ ከካርቶንና ከሚያብለጨልጭ ወረቀት የክርስቶስን ልደት የሚያሳይ ትንሽ ቤት ይሠሩ ነበር። በፖላንድኛ «ሾፕካ» ይባላል፤ የከብት በረት ለማለት ነው። እነሱ የሠሩት ግን በረት አይመስልም። የከተማቸውን የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ማማዎችና የቤተ መንግሥቱን ጉልላት የያዘ ሕንፃ ነው። በበጋ ድንጋይ የተሸከሙለትን ከተማ በክረምት በወረቀት ሠሩት፣ ሕፃኑንም በመካከሉ አስተኙት። ከቤት ቤት ይዘውት እየዞሩ እየዘመሩ ሳንቲም ይሰበስቡ ነበር። በ1937 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የሾፕካ ውድድር እስከ ዛሬ በየዓመቱ በታኅሣሥ መጀመሪያ በከተማዋ ዋና አደባባይ፣ በባለ ቅኔው አዳም ሚትስኬቪች ሐውልት ሥር ይካሄዳል። በ2018 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ይህን ሙያ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል።

የክራኮቭ ግንበኛና የኢትዮጵያ እረኛ ተገናኝተው አያውቁም። ገናን ያዩበት መንገድ ግን ይመሳሰላል። ልደት የሚውልበት ታኅሣሥ 29 (በዘመነ ዮሐንስ 28) በደጋው አገር አዝመራው የሚሰበሰብበት ወቅት ነው። እህሉ ታጭዶ ማሳው ሲገለጥ ሰፊ ሜዳ ይገኛል፤ የገና ጨዋታም ሜዳ ይፈልጋል። ዱላው ከሱቅ አይገዛም። ተጫዋቹ በዓሉ ሳይደርስ ጫፉ ቆልመም ያለ ቅርንጫፍ ሲፈልግ ይሰነብታል። አግኝቶ ይቆርጠዋል፣ ይልጠዋል፣ ለእጁ እስኪመች ይጠርበዋል። ሩሩም ከእንጨት ይጠረባል ወይም ከቆዳ ይሠራል። እረኞች በጌታ ልደት ተደስተው በያዙት ዱላ ተጫወቱ የሚለው ትውፊት ዱላውን ከወንጌሉ ታሪክ ጋር ያያይዘዋል። ክራኮቮች ከተማቸውን ለሕፃኑ ቤት እንዳደረጉለት ሁሉ፣ እዚህም እረኛው የሥራ ዕቃውን ይዞ ወደ ቤተልሔም ገባ።

በዚያ ሜዳ ላይ ማዕረግ ለአንድ ቀን ይላላል። በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው ሊቆጣ እንደማይችል የሚናገር የቆየ አባባል አለ። ዱላ የያዘ ሁሉ እኩል ነው፤ ያሸነፈው መንደር የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል፣ ተሰዳቢውም ይስቃል። ስለ ገና የሚጽፉ ሰዎች ይህን እኩልነት ደጋግመው ያወድሳሉ፣ ማወደሳቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከሜዳው ውጭ የቀሩ እጆች ነበሩ።

በዓሉ ነጭ ልብስ ይፈልጋል። ነጭ ልብስ ደግሞ ፈትል ይፈልጋል። እናቶችና ሴት ልጆች በጾመ ነቢያት ሳምንታት ማታ ማታ በእንዝርት ሲፈትሉ ያመሻሉ። ድሩና ማጉ ወደ ሸማኔ ይሄዳል። ድስቱንና ጀበናውን ሸክላ ሠሪዋ፣ ቢላውን ቀጥቃጩ፣ የሩሩንና የመጫኛውን ቆዳ ፋቂው ያቀርባሉ። እነዚህ ባለሙያዎች በብዙ የደጋ አካባቢ በሙያቸው ይናቁ፣ ከጋብቻ ይገለሉ፣ ቡዳ ይባሉ ነበር። ነገሩ የከፋ ስለነበር አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። የገና ዕለት ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ሲጫወቱ፣ ጌታውን ያለበሰው ሸማኔ እኩልነቱ የደረሰው ስንት ቦታ ነው? የሴቶቹም እንዲሁ ነው። ዱላው በዘፈንና በትረካ ሲነሳ ይኖራል። እንዝርቱ፣ የጠላው ጥንስስና ሌሊቱን ሲገላበጥ ያደረው ድፎ ዳቦ ግን እንደ ሙያ ሳይሆን እንደ ግዴታ ተቆጥረው ታልፈዋል።

ስለዚህ የላውሻን ልጆች አይተን «የኛ ገና ግን ንጹሕ ነበር» ማለት አይቻልም። ሁለቱም በዓላት በሠሪው እጅ የቆሙ ናቸው፤ ሁለቱም ሠሪውን ረስተዋል። ልዩነቱ እዚህ መንደሩ ሠሪውን በስሙ እያወቀ መናቁ፣ እዚያ ደግሞ ገዢው ሠሪውን ፈጽሞ አለማወቁ ነው።

ዛሬ ሁለተኛው ዓይነት መርሳት አሸንፏል። የዓለም የገና ጌጥ ብዙው የሚሠራው በቻይና፣ በተለይም በዪዉ ከተማና በአካባቢዋ ነው። አዲስ አበባ የሚሸጠው የፕላስቲክ ጥድም፣ በርሊንና አትላንታ የሚሸጠውም ከአንድ ምንጭ ሊቀዳ ይችላል። በዚህ ዓይን ሲታይ የአዲስ አበባው ዛፍ «የፈረንጅ» ከሆነ የበርሊኑ ዛፍም የጀርመን አይደለም። በጥበብ ልብሱም ላይ ይኸው ደርሷል፤ በማሽን የታተመ የጥበብ አምሳያ ከሸማኔው ሥራ አጠገብ ተሰቅሎ በርካሽ ይሸጣል። ለባህሉ የሚቆረቆረው ሰው ዛፉን ሲያወግዝ ይህን ለብሶ ሊሆን ይችላል።

በውጭ አገር የሚኖር ቤተሰብ ይህን ጥያቄ ከማንም በላይ በቅርብ ይኖረዋል። ዲሴምበር 25 ሁሉም ነገር ተዘግቶ ልጆች ቤት ይውላሉ። ጃንዋሪ 7 ግን በብዙ አገር የሥራ ቀን ነው፤ አንዳንዱ ሌሊት ቤተ ክርስቲያን አድሮ ጠዋት ወደ ሥራ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ድግሱን ወደ ቅዳሜና እሑድ ያሸጋግራል። በዚህ መካከል ወላጅ ለልጁ ገናን ማስረዳት ሲፈልግ የሚቀናው ዕቃ መግዛት ነው። አንዱ ዛፍ ይገዛል፣ ሌላው የሐበሻ ልብስ በፖስታ ያስመጣል። ሁለቱም በዓሉን ያለቀለት ዕቃ አድርገው ለልጁ ያቀርቡለታል።

ከዛይፈን፣ ከክራኮቭና ከገና ሜዳ የምንማረው ግን በዓል ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሻገረው ሥራው ስለተሻገረ መሆኑን ነው። ክራኮቭ ውስጥ ልጅ የሾፕካን ሥራ የለመደው ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ወረቀት እየለጠፈ ነው። ደጋ ላይ ልጅ የገናን ዱላ የለመደው ታላቅ ወንድሙ ቅርንጫፍ ሲመርጥ አብሮ ጫካ ገብቶ ነው። ሴት ልጅ ፈትሉን ያወቀችው ከአያቷ እግር ሥር ጥጥ እያባዘተች ነው። ሥራው ሲቆም ዕቃው ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል፤ ከዚያ ዕቃው ብቻ ይቀርና ሰው የማን እንደሆነ ይጨቃጨቅበታል።

ዱላውን ለመሥራት የጎበጠ ቅርንጫፍ፣ ቢላዋና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ ይህ በቶሮንቶም በስቶክሆልምም አይታጣም። ዛፍ የሚያቆም ቤተሰብም ከጌጦቹ አንዱን በገዛ እጁ ቢሠራ ወደ መጀመሪያዎቹ የወረቀት ጽጌረዳ ሠሪዎች ይበልጥ ይቀርባል። ነጠላዋን የምትለብስ ልጅም ያንን ነጠላ ሰው እንደ ፈተለው፣ ሌላ ሰው እንደ ሸመነው፣ ያ ሰውም በሙያው ይሰደብ እንደነበር ብትሰማ በዓሉ አይጎድልባትም። የለበሰችውን ታውቃለች።