ወፎችን ግድግዳ ላይ መሳል፦ ለከሚሴና ለጨፋ ረግረግ ምን ይጠቅማል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የተጓዘ ሰው ከሚሴን ያውቃታል። 325 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ፣ አስፋልቱን ይዘው የተደረደሩ ሱቆች፣ ባጃጅ እና ሙቀት ይጠብቁታል። ቀና ብሎ ወፎቹን የሚያይ ግን ስንቱ ነው? በሌላው ዓለም የከተማ ወፎችን ግድግዳ ላይ የሚስሉ ሰዎች ዓላማቸው ይሄው ነው፤ ሰው ቀና እንዲል። ነገሩ ምን እንደሆነ፣ ለከሚሴም ምን ሊሰጥ እንደሚችል እንይ።

▪️ ከየት የመጣ ሐሳብ ነው?

በጣም የሚታወቀው ምሳሌ ያለው ኒውዮርክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ኦዱቦን የተባለው የወፎች ጥበቃ ማኅበር ከአንድ የሥዕል ጋለሪ ጋር ሆኖ በላይኛው ማንሃታን ሰፈሮች ወፎችን ማሳል ጀመረ። ቦታው ዝም ብሎ አልተመረጠም። ማኅበሩ ስሙን የወሰደው ከወፍ ሠዓሊው ጆን ጄምስ ኦዱቦን ሲሆን፣ ሰውየው የኖረውም የተቀበረውም እዚያው ሰፈር ነው።

የሚሳሉት ወፎች በአየር ንብረት ለውጥ የተነሳ መኖሪያቸውን ሊያጡ ይችላሉ የተባሉት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የማኅበሩ ጥናት ቁጥራቸውን 389 ዝርያ አድርሶታል። እስካሁን ከ100 በላይ የሚሆኑት ተስለዋል። ብዙዎቹ ያሉት በሱቆች የብረት መዝጊያ ላይ ነው። ሱቁ ሲዘጋ ወፉ ይወጣል ማለት ነው። ከሚሴ ላይ ቢሆን አርብ ለጁምዓ የላሜራ በሮች ሲዘጉ መንገዱ በወፍ ይሞላ ነበር።

▪️ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር ነው?

አይደለም። ከዓለም ጥንታውያን ሥዕል ያላቸው ወንጌሎች አንዱ በሆነው በአባ ገሪማ ወንጌል ገጾች ላይ ወፎች ተስለዋል። የላሊበላዋ ቤተ ማርያምም ወፎች አሏት። አዲስ የሚሆነው ወፉ ጌጥ መሆኑ ቀርቶ የሰፈር ነዋሪ ሆኖ መሳሉ ነው።

▪️ ከሚሴ ላይ ማን ይሳል?

በኢትዮጵያ ከ850 በላይ የወፍ ዝርያ አለ። ለከሚሴ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

👉 ጥንብ አንሳ፦ በተለይ ፊቱ ቀላ ያለው ትንሹ። ቄራ አካባቢ ስለምናየው የበዛ ይመስለናል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ከመጥፋት አንድ እርከን ብቻ የቀራቸው ዝርያዎች ውስጥ አስገብቶታል። ለውሻና ለጅብ ተብሎ የሚቀመጥ መርዝ ይገድለዋል፣ የኤሌክትሪክ መስመርም ይገድለዋል። እሱ ከሌለ ጥምቡን በነፃ የሚያነሳልን የለም።

👉 አባ ኮዳ፦ አንገቱ ላይ ኮሮጆ ያንጠለጠለው ረጅሙ ወፍ። መልኩን የሚወድለት የለም እንጂ እሱም የጽዳት ሠራተኛ ነው።

👉 ከብት ተከታይዋ ነጭ ወፍ፦ ከብት ሲግጥ ከሣሩ የሚነሳውን አንበጣና ነፍሳት ትለቅማለች። የአርብቶ አደር ልጅ ሁሉ ያውቃታል።

👉 ሽመላ፦ ከአውሮፓ የምትመጣ እንግዳ። ኢትዮጵያ ያለችው በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር የወፎች መተላለፊያ ላይ ነው። በዚህ መስመር ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ትልልቅ ተንሳፋፊ ወፎች፣ በዝርያ 37 የሚሆኑ፣ በየዓመቱ ይመላለሳሉ።

▪️ ቤታቸውስ?

ዋናው ጥያቄ እዚህ ጋ ነው። ወፉን ስለህ ቤቱን ብትተወው ሥዕሉ የሟች ፎቶ ይሆናል።

ከሚሴ አጠገብ ያለው ቤት ጨፋ ነው። የቦርከና ወንዝ ከደሴ በኩል ወርዶ ኮምቦልቻን አልፎ ጨፋ ሜዳ ላይ ይተኛል፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይቀጥላል። ቄጠማውና ውኃው በጋ ላይም ስለማይጠፋ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብታቸውን ይዘው ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 ድርቅ ጊዜ የወጣ የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት ጨፋ 50,000 አርብቶ አደሮችንና 200,000 እንስሳትን ያስጠለለ ሸለቆ መሆኑን ጽፏል። እንግዲህ ጨፋ የወፍ ብቻ ሳይሆን የሰውም መሸሸጊያ ነው።

ረግረጉ ግን እየጠበበ ነው። ዳሩ ይታረሳል፣ ውኃው ለመስኖ ይጠለፋል። ከላይ ደግሞ የደሴ ቆሻሻና የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ፍሳሽ በገባር ወንዞች በኩል ቦርከና ውስጥ ይገባል። ተመራማሪዎች ክሮሚየምን የመሳሰሉ ከባድ ብረቶችን በእነዚህ ወንዞች ውስጥ አግኝተዋል። ያንን ውኃ ወፏም ትጠጣለች፣ ላሟም ትጠጣለች፣ የላሟን ወተት ደግሞ ልጅ ይጠጣል።

▪️ በሰፈራችሁ መሳል ብታስቡ

1. ፈቃድ፦ መጀመሪያ የግድግዳው ባለቤት፣ ቀጥሎ ማዘጋጃ ቤት። ትምህርት ቤትና መናኸሪያ ብዙ ሰው ስለሚያይባቸው ጥሩ ናቸው።

2. ሽማግሌ ማማከር፦ ብዙ የእስልምና ሊቃውንት ሕይወት ያለውን ነገር መሳል አይደግፉም። እዚያ ላይ መጨቃጨቅ አያስፈልግም፤ ቤቱን መሳል ይቻላል። ቄጠማው፣ የሾላው ዛፍ፣ ባዶ ጎጆ፣ የወደቀች ላባ። አንዳንዴ እንዲያውም ከወፉ በላይ ይናገራል።

3. ግድግዳ ማዘጋጀት፦ የተነሳውን ቀለም መፋቅ፣ የተሰነጠቀውን መለሰን፣ እስኪደርቅ መጠበቅ። ለግድግዳ የውጭ ፕላስቲክ ቀለም፣ ለላሜራ ደግሞ መጀመሪያ ፀረ ዝገት ከዚያ የዘይት ቀለም። ፀሐይ ስለሚበዛ ደማቅ ቀይና ቢጫ ቶሎ ሊደበዝዝ ይችላል።

4. ማሳደግ፦ ትንሹን ንድፍ በካሬ ከፋፍሎ፣ ግድግዳው ላይም ያንኑ ያህል ትልልቅ ካሬ አስምሮ፣ አንድ በአንድ መገልበጥ። ጎበዝ ሠዓሊ ያልሆነም መሳተፍ የሚችለው በዚህ ነው።

5. ስም መጻፍ፦ ከሥዕሉ ሥር የወፏ ስም በአማርኛም በኦሮምኛም ይጻፍ፤ የት እንደምትገኝም ጭምር። «ጨፋ» የምትለዋ ቃል ከሌለች ሥዕሉ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

▪️ መቼ?

የዓለም ፍልሰተኛ ወፎች ቀን በዓመት ሁለቴ ይከበራል፤ በፈረንጆቹ ግንቦት እና ጥቅምት ሁለተኛ ቅዳሜ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር በሚያዝያ መጨረሻ ወይም ግንቦት መጀመሪያ፣ እና በመስከረም መጨረሻ አካባቢ። በመስከረሙ ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ለምለም ነው፣ እንግዶቹም መምጣት ጀምረዋል። ብሩሽ ከማንሳታችሁ በፊት አንድ ጠዋት በማለዳ ጨፋ ወርዳችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። የምትስሉትን ወፍ መጀመሪያ በዓይናችሁ እዩት።