የጉባ ዛፎች ፈሳሽ፦ ሙጫ፣ ዕጣንና የጎማ ማጣበቂያ በታሪክ

በመተከል ዞን ምዕራባዊ ጫፍ፣ ዓባይ ወደ ሱዳን በሚሻገርበት አካባቢ የምትገኘው የጉባ ወረዳ ሞቃታማና ደረቅ ቆላ ስትሆን፣ ድንጋያማ ተረተሮቿ የዕጣን ዛፍ፣ ሌላው መሬቷ ደግሞ ልዩ ልዩ የግራር ዝርያ ይበቅልባቸዋል። ከእነዚህ ዛፎች ቅርፊት የሚወጣው ፈሳሽ ደርቆ ሲታይ አንድ ቢመስልም ባሕርዩ ይለያያል። የግራር ሙጫ ከስኳር መሰል ውሁዶች የተገነባ በመሆኑ በውሃ ይሟሟል እንጂ በአልኮል አይሟሟም፤ ሬንጅ መሰሉ የዛፍ ፈሳሽ በተቃራኒው ውሃን ይገፋል፣ በአልኮል ግን ይሟሟል፤ ዕጣን የሁለቱ ድብልቅ ነው። የጎማ ዛፍ ወተት ደግሞ በውሃ ውስጥ የተንሳፈፉ ጥቃቅን የጎማ ቅንጣቶችን የያዘ ሦስተኛ ዓይነት ነው። ማጣበቂያ የመምረጥ ዕውቀትም የሚጀምረው ከዚህ ልዩነት ነው፤ የተጣበቀው ነገር ውኃ፣ ሙቀት ወይም መተጣጠፍ ያገኘው እንደሆነ አስቀድሞ ያልታሰበበት ማጣበቂያ፣ ጠንካራ ቢሆንም እንኳ፣ መላቀቁ አይቀርምና።

በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ሼህ ሐምዳን አቡ ሾክ ያስተዳድሯት የነበረችው ጉባ፣ በምኒልክ ዘመን ወደ ማዕከላዊው መንግሥት የተጠቃለለችና በጎጃም ደጋና በሱዳን ገበያዎች መካከል የምትገኝ የንግድ መተላለፊያ ነበረች። የዘመኑ መዛግብት አብዝተው የሚያወሱት ስለ ወርቅ፣ ስለ ዝሆን ጥርስና የጉሙዝን ሕዝብ ክፉኛ ስለ ጎዳው የባሪያ ንግድ ነው። ከድንበሩ ማዶ ግን የኮርዶፋን ሙጫ በኤል ኦቤይድ ገበያ በኩል ወደ አውሮፓ እየተላከ የሱዳን ዋነኛ የወጪ ንግድ ሸቀጥ ሆኖ ነበር። ድንበሩ እ.ኤ.አ. በ1902 በምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት ስምምነት ሲወሰን፣ ተመሳሳይ ዛፎች የሚበቅሉበት ቆላ ለሁለት ተከፈለ።

የደጋው ሊቃውንት የሙጫን ጥቅም ያወቁት በቀለም ሥራ ነው። ጥቁር ቀለም ለማዘጋጀት ጥላሸት ከታረረ እህልና ከቅጠል ጋር ተቀላቅሎ፣ ተወቅጦና በውሃ ተለውሶ ለወራት ይቀመጣል፤ ጥላሸቱ በብራናው ላይ ተጣብቆ እንዲቆይ የሚያደርገው ግን የሚጨመርበት የግራር ሙጫ ነው። የደረቀው ቀለም በቀንድ ውስጥ ጥቂት ውሃ ሲጨመርበት ተመልሶ ለጽሕፈት ይሆናል። ያው የመሟሟት ባሕርይ ጉዳትም አለው፤ የዝናብ ጠብታ ያገኘው ብራና ፊደሉ ይደበዝዛል። የኢትዮጵያ ጠራዦች የብራናውን ቅጠሎች በክር ሰፍተው ከእንጨት ገበታ ጋር በማያያዝና የመጽሐፉን ጀርባ በማጣበቂያ ባለማድረቅ፣ መጽሐፉ ያለ ችግር እንዲገለጥ አድርገዋል፤ ማጣበቂያ የሚፈልጉት ቆዳውን በገበታው ላይ ለመለበጥ ነበር።

ዕጣን የሚለቀመው በበጋ ነው። ለቃሚው መንጋፍ በሚባለው ስለታም መሣሪያ ከግንዱ ላይ ስስ ቅርፊት ይልጣል፤ ነጭ ፈሳሽ ወጥቶ እንደ እንባ ሲንጠባጠብና ሲደርቅ ይለቅመዋል፣ ቁስሉንም ጥቂት እያሰፋ በየጊዜው ይመለስበታል። ከዚያም ትልልቁና ነጣ ያለው ለከፍተኛ ደረጃ፣ ቅርፊት የተቀላቀለበትና የጠቆረው ለዝቅተኛ ደረጃ ይለያል። ያለ ዕረፍት ብዙ ጊዜ የተቆሰለ ዛፍ ዘሩ እየደከመ ይሄዳል። ሙጫና ዕጣን ገዝቶና አበጥሮ ለገበያ የሚያቀርብ የመንግሥት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1976 ከተቋቋመ በኋላ ንግዱ በተደራጀ መልክ ተካሄደ።

የጎማ ማጣበቂያ ታሪክ ከዚህ ይለያል። የጎማ ዛፍ ዝናብና እርጥበት ስለሚሻ በጉባ አይለማም፤ በኢትዮጵያ የተተከለው በደቡብ ምዕራብ፣ በጉራፈርዳ አካባቢ ነው። ወተት መሰል ፈሳሽ የሚሰጥ ተክል ሁሉም ጎማ አያስገኝም፤ የቁልቋል ወተት ለምሳሌ ሬንጅ መሰሉ ፈሳሽ ይበዛበታል። ከጎማ ዛፍ የሚገኘው ምርት ለገበያ የሚቀርበው በተለያየ መልክ ነው፤ አሞኒያ ተጨምሮበት እስከ 60 በመቶ የሚደርስ ጎማ እንዲይዝ የሚጣራው ፈሳሽ ወተት ለወረቀት፣ ለጨርቅና ለቆዳ ይስማማል፤ በጭስ የደረቀው ቡናማ ሉህ ጥንካሬ ለሚፈለግበት ሥራ፣ ነጣ ብሎ የሚዘጋጀው ደግሞ ቀለሙ እንዳይታይ ለሚፈለግ ማጣበቂያ ይመረጣል። ጠጣሩ ጎማ በማሽን ተፈጭቶ ከላላ በኋላ በቤንዚን መሰል ፈሳሽ ይሟሟል፤ ማስቲሽ የሚባለው ማጣበቂያ የሚሠራውም እንዲህ ነው። ጎሚስታው ካላማዳሪ ሲለጥፍ ገጹን በሸካራ ነገር ይፍቃል፣ ማስቲሹን ይቀባል፣ ፈሳሹ ተንኖ እስኪደርቅ ይታገሣል፣ ከዚያም ይጫናል፤ ትዕግሥቱ ባይኖር የታመቀው ፈሳሽ ልጣፉን ያነሳዋል። ዛሬ ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ማስቲሽ አብዛኛው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለገበያ ከቀረበው ሰው ሠራሽ ጎማ የሚሠራ ነው፤ ዘይትና ሙቀትን ከተፈጥሮው ጎማ ይልቅ ይቋቋማልና።

የህዳሴ ግድብ ግንባታ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ ከተጀመረ ወዲህ የወንዙ ሸለቆ ደን ተመንጥሮ በውሃ ተውጧል፤ የቀረው የዕጣንና የግራር ደን ዋጋው ከፍ ብሎ መታየት የሚገባውም በዚህ ጊዜ ነው። ሁለት የግራር ዝርያዎች ሙጫ ተቀላቅሎ በአንድ ከረጢት ሲገባ ደረጃው ይወርዳል፤ በየዝርያው ተለይቶ የደረሰ ግን ገዥው ለየትኛው ሥራ እንደሚስማማው አውቆ ይገዛዋል። ከጉባ የሚወጣው ሀብት ለለቃሚው የሚያስገኘው ጥቅምም በአመዛኙ የሚወሰነው በዛፉ ሥር በሚደረገው መለየት ነው።